ስንት ወር አላችሁ?

ከሥራ የተቀነስኩ ቀን አለቃዬ ወንበር ሳበልኝ። ነገሩ የገባኝ ገና አፉን ሳይከፍት ነው። በ9 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ወንበር ስቦልኝ አያውቅም።

ሥራዬ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ነበር። የሰው ገቢ፣ የሰው ወጪ፣ የሰው ዕዳ። ያ ድርጅት ከነገ ጀምሮ ምንም ገቢ ባይኖረው ስንት ቀን መቆም እንደሚችል ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እነግራችሁ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ገባሁና የልጄን ያለቀ የትምህርት ቤት ደብተር አነሳሁ። ከጀርባው ባዶ ገጽ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የራሴን ቤት ሒሳብ ሠራሁ። በእጃችን ያለውን ሁሉ ደመርኩ። በቀን የምናወጣውን አሰላሁ። አካፈልኩ። 19 ወጣ።

19 ቀን። እርሳሱን ቀርጬ ደገምኩት። ያው 19።

ከዚያ ወዲህ 11 ዓመት አለፈ። ዛሬ ያ ቁጥር 104 ወር ደርሷል። ሀብታም አይደለሁም፤ ሙሉ በሙሉም ከደሞዝ ነጻ አልወጣሁም። ግን መንገዱን በእግሬ ስለሄድኩት የት የት ላይ እንደሚያደናቅፍ አውቃለሁ። እስቲ ልንገራችሁ።

ገንዘብን በወር ቁጠሩት

ሰው ስንት እንዳለው ሲጠየቅ የገንዘቡን መጠን ይናገራል። መጠን ብቻውን ግን ምንም አይነግርም። ለአንዱ የ2 ወር ኑሮ የሆነው ገንዘብ ለሌላው የ8 ወር ነው። ስለዚህ እኔ በወር ነው የምቆጥረው። ያላችሁን ጥሬ ገንዘብና ቶሎ ወደ ገንዘብ የሚቀየረውን ሀብት ደምሩ። ዕዳችሁን ቀንሱ። የቀረውን ለወር ወጪያችሁ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር ደሞዝ ቢቋረጥ የምትቆዩበት ጊዜ ነው። የምትኖሩበትን ቤት አትቁጠሩት። ሸጣችሁት የት ልታድሩ ነው?

ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከወጣ አትደንግጡ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብቻ ጻፉት፣ ቀኑንም ከጎኑ አስፍሩ።

እንዲህ መቁጠር አንድ የተደበቀ ነገር ያሳያል። ከገቢዋ 10 በመቶ የምትቆጥብ ሴት የ1 ወር ኑሮ ለማጠራቀም 9 ወር መሥራት አለባት። 25 በመቶ ብትቆጥብ 3 ወር ይበቃታል። ግማሹን ከቆጠበች የሠራችው እያንዳንዱ ወር ሌላ ወር ይገዛላታል። ልብ በሉ፣ የደሞዙ መጠን እዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ወጪ ሲቀንስ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሆናል፦ የሚቆጠበው ይጨምራል፣ ለመኖር የሚያስፈልገውም ያንሳል። የደሞዝ ጭማሪ ግን ወጪው አብሮት ካደገ ከነበራችሁበት ንቅንቅ አያደርጋችሁም። እኔ በሥራ ዘመኔ 4 ጊዜ ደሞዝ ተጨምሮልኝ ነው 19 ቀን ላይ የተገኘሁት።

የወር ወጪያችሁን ግን ከጭንቅላታችሁ አውጥታችሁ አትጻፉ። እኔ በግምት የጻፍኩት ከእውነቱ በሲሶ ያህል ያነሰ ነበር፤ ያውም ሒሳብ ሙያዬ ሆኖ። ለ90 ቀን እያንዳንዷን ወጪ መዝግቡ። ደብተር ይሁን ስልክ ለውጥ የለውም። እኔ ደብተር እመርጣለሁ፤ እጅ ሲጽፍ ያፍራል። ጃፓን ውስጥ ሃኒ ሞቶኮ የተባለች ጋዜጠኛ በ1904 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ለቤት እመቤቶች የቤት ሒሳብ መዝገብ አሳትማ ነበር። ካኬቦ ይሉታል። ጃፓኖች ይኸው እስከ ዛሬ በእጃቸው ይሞሉታል። ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ነገር አንድ ጥቅም ባይኖረው አይቆይም።

በዓመት አንዴ የሚመጣውንም እንዳትረሱ። የልጄ ትምህርት ቤት በየዓመቱ በዚያው ወር ነው የሚከፈተው፤ እኔም በየዓመቱ ድንገት እንደመጣ ዕዳ እደነግጥ ነበር። አሁን የዓመቱን ክፍያ፣ ጥገናውን፣ ስጦታውን ሁሉ ደምሬ ለ12 አካፍለዋለሁ። በየወሩ ድርሻውን አስቀምጣለሁ። ድንጋጤውም ቀረ።

የመጀመሪያው ወር ከሁሉም ይከብዳል

ከዜሮ ወደ 1 ወር መድረስ ከ50 ወደ 60 ከመድረስ ይከብዳል። በኋላ ገንዘቡ ራሱ ያግዛችኋል፤ መጀመሪያ ላይ ግን ብቻችሁን ናችሁ።

እኔን የሠራልኝ አንድ ነገር ነው። ደሞዝ በገባበት ቀን፣ ገና ምንም ሳይነካ፣ የቁጠባው ድርሻ ወደ ሌላ ሒሳብ ይሄዳል። ባንኩ በራሱ እንዲያዛውረው አስደረግሁ። ያ ሒሳብ ካርድ የለውም፣ ስልኬም ላይ አይታይም። ለማውጣት በአካል ሄጄ ወረፋ መያዝ አለብኝ። ወረፋ የሚያስከለክላችሁ ወጪ ብዛቱ ይገርማችኋል። "የተረፈኝን እቆጥባለሁ" ስል የኖርኩት ዓመት ሁሉ ምንም ተርፎኝ አያውቅም።

በ5 በመቶ ጀምሩ። ለ3 ወር ካልተሰማችሁ ጨምሩት።

አንድ ወር በእጃችሁ ከገባ በኋላ ዓይናችሁን ወደ ዕዳ አዙሩ። ሁሉም ዕዳ አንድ አይደለም፤ ወለዱን እዩ። ቤታችን ውስጥ የነበረው መጥፎ ዕዳ በዓመት 24 በመቶ፣ ማለትም በወር 2 በመቶ ይወልድ ነበር። ስሌቱን በ1000 ላሳያችሁ። በየወሩ 25 እየከፈላችሁ ነው እንበል። ከመጀመሪያው ክፍያ 20ው ወለድ ነው፤ ዕዳውን የሚነካው 5 ብቻ። በዚህ አካሄድ ለመጨረስ 81 ወር ገደማ ይፈጃል፤ በጠቅላላው ከ2000 በላይ ትከፍላላችሁ። ክፍያውን ወደ 50 ብታሳድጉትስ? በ26 ወር ያልቃል፤ የከፈላችሁት በጠቅላላ ወደ 1290 ነው። ይህን ሠርቼ ለባለቤቴ ሳሳየው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ካየ በኋላ "እስከ ዛሬ ለማን ነበር ስንሠራ የኖርነው?" አለኝ።

ከፍተኛ ወለድ ያለውን አስቀድማችሁ ግደሉት። አንዳንዱ ሰው ትንሿን ዕዳ ቀድሞ ቢዘጋ ሞራል ያገኛል። እሱም ይሁን፤ ትንሽ ያስከፍላል እንጂ ከመቀመጥ ይሻላል።

ከዚያ 6 ወር እስኪሞላ ማጠራቀም ነው። እዚህ ምንም ብልሃት የለም። አሰልቺ ነው።

ግን ቁጥሩ ሲያድግ ሰው ይለወጣል። 1 ወር ሲኖረን ማቀዝቀዣው ተበላሸ፤ ጠጋኝ ጠራን፣ ከፈልን፣ አለቀ። ከዚያ በፊት ቢሆን ቤቱ ውስጥ ጠብ ይነሳ ነበር። 6 ወር ሲሞላ የሥራ ቅነሳ ወሬ ስሰማ ሆዴን መቁረጡን ተወ። ወደ 24 ስንጠጋ ደግሞ አንድ ደንበኛ ያልተደረገ ወጪ እንደተደረገ አድርጌ እንድመዘግብለት ጠየቀኝ። "አልችልም" አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። 19 ቀን በነበረኝ ጊዜ ምን እል እንደነበር ባልጠየቅ ይሻለኛል። የገንዘብ ነጻነት ሲባል መጨረሻ ላይ ያለ አንድ በር የሚመስለን አለን። ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ የሚጣፍጠውም ከመጀመሪያው ቁራጭ ጀምሮ ነው።

ገንዘብ ሲቀመጥ ያንሳል

ከ6 ወር በላይ የሆነውን በጥሬው ማስቀመጥ ግን ኪሳራ ነው። የኑሮ ውድነት በዝምታ ይበላዋል። ለዚህ ከሒሳብ ባለሙያዎች አንድ አቋራጭ ተማሩ። 72ን በዓመቱ መቶኛ አካፍሉ፤ የሚወጣው ነገሩ በእጥፍ የሚያድግበት ዓመት ነው። ጣሊያናዊው ሉካ ፓቾሊ በ1494 ጽፎታል፤ ሒሳብ ያዦች እንደ አባታችን የምናየው ሰው ነው። ዋጋ በዓመት በ9 በመቶ ቢንር በ8 ዓመት ኑሮ እጥፍ ይሆናል። ያስቀመጣችሁት ገንዘብ ትርፍ ካላመጣ የ10 ወር መስሏችሁ የተኛችሁበት 5 ወር ሆኖ ትነቃላችሁ። ያው ቁጥር በሌላ በኩል ሲገባ ደስ ይላል፦ በዓመት 6 በመቶ የሚያተርፍ ገንዘብ በ12 ዓመት ይታጠፋል። 24 በመቶ የሚወልደው ዕዳ ደግሞ ካልተነካ በ3 ዓመት። ለዚህ ነው መጀመሪያ ዕዳ ያልኳችሁ።

አሁን ውርደቴን ልናገር። ቁጥራችን 14 ወር በደረሰ ጊዜ አንድ የምናውቀው ሰው "በወር 20 በመቶ የሚከፍል ነገር አለ" አለን። እሱ ራሱ 2 ወር ተከፍሎታል፤ ስልኩን አውጥቶ አሳየን። እኔ፣ የሒሳብ ሰው፣ 5 ወራችንን ሰጠሁ። በሦስተኛው ወር ስልኩ የማይነሳ፣ ቢሮው የተዘጋ ሆነ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ቁጭ ብዬ አንድ ማባዛት ብሠራ ኖሮ እተርፍ ነበር። በወር 20 በመቶ እየተደመረ ከሄደ በዓመቱ ወደ 9 እጥፍ ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው የእኔን 5 ወር ምን ያደርግለታል? ቻርልስ ፖንዚ በ1920 ቦስተን ላይ ያደረገውም ይሄንኑ ነው። በ45 ቀን 50 በመቶ ትርፍ ቃል ገባ። የመጀመሪያዎቹን ከኋለኞቹ ገንዘብ ከፈላቸው። የተከፈላቸው ሰዎች በቅንነት ጓደኞቻቸውን ጠሩ። ወራት ሳይቆይ ፈረሰ። ማጭበርበሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። የሚያሳምናችሁ አጭበርባሪው አይደለም፤ ቀድሞ የተከፈለው ጓደኛችሁ ነው። እሱ ደግሞ አይዋሽም። ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ታዲያ የት ይቀመጥ? የኔ መልስ አሰልቺ ነው፦ ብዙ ቦታ ተበትኖ፣ ገንዘቡን ለሚያስተዳድረው ትንሽ ክፍያ ብቻ እየተከፈለ፣ ለረጅም ጊዜ። በ1976 አሜሪካ ውስጥ ጆን ቦግል የሚባል ሰው ለተራው ቆጣቢ አዲስ ዓይነት ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ የኩባንያ ድርሻ የሚገዛ ቋት፣ ከፈተ። የትኛው ኩባንያ ያሸንፋል ብሎ መገመቱን ትቶ 500 ትልልቅ ኩባንያዎችን ያቀፈውን የገበያ ዝርዝር ተከትሎ ከየኩባንያው በትንሽ በትንሹ የሚይዝ ነበር። ባለሙያዎች ሳቁበት። ዛሬ እሱን መሰል ፈንዶች በብዙ አገር አሉ፤ የሳቁትም ድርጅቶች ይሸጡታል። እናንተ ባላችሁበት ከሌለ፣ የሚገባችሁ ሥራ ላይ ድርሻ መያዝ፣ የሚከራይ ነገር መግዛት፣ የመንግሥት ቦንድ መያዝም (ለመንግሥት በወለድ ማበደር ማለት ነው) ይቻላል። እንዴት እንደሚያተርፍ ለ12 ዓመት ልጅ ማስረዳት ካልቻላችሁ ግን አትግቡበት።

ክፍያ ያልኩትን አትናቁት። 7 በመቶ የሚያተርፍ ገንዘብ በ30 ዓመት 7.6 እጥፍ ይሆናል። አስተዳዳሪው በየዓመቱ 2 በመቶ ከወሰደ 5 ይቀራችኋል፤ ያ ደግሞ 4.3 እጥፍ ብቻ ነው። "2 በመቶ ብቻ" የተባለው የመጨረሻውን ገንዘብ 43 በመቶ ይዞ ሄደ ማለት ነው።

መጨረሻውስ የት ነው? ዊሊያም ቤንገን የተባለ የገንዘብ አማካሪ በ1994 ባወጣው ጥናት የአሜሪካንን የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ታሪክ መረመረ። በመጀመሪያው ዓመት ከሀብታቸው 4 በመቶ ገደማ አውጥተው፣ በየዓመቱ በኑሮ ውድነት ልክ እየጨመሩ የሚኖሩ ጡረተኞች ገንዘባቸው ቢያንስ 30 ዓመት ይበቃቸው እንደነበር አሳየ። ከዚህ ነው የዓመት ወጪ በ25 ይባዛ የሚለው የመጣው። በኔ አቆጣጠር 300 ወር ማለት ነው። ግን ሕግ አታድርጉት። የአንድ አገር ገበያ ታሪክ ነው፣ ለ30 ዓመት የተሠራ ነው። በ40 ዓመቱ ሥራ ለሚያቆም ወይም ገበያው ለሚዋዥቅበት ሰው 300 ያንሳል። እኔ እንደ ሩቅ ተራራ ነው የማየው፤ አቅጣጫ ያሳየኛል።

የቋጠርኩባት ዓመት

5 ወር ከተበላብኝ በኋላ እልህ ያዘኝ። ከገቢያችን 55 በመቶ መቆጠብ ጀመርኩ። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ። እኔ ሰው ከክፍል ሲወጣ እየተከተልኩ መብራት የማጠፋ ሆንኩ። የጓደኛዬ ልደት ተጠራሁ፤ ስጦታ ላለመግዛት አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ባለቤቴ ጫማ መግዛቱን 3 ሳምንት ደበቀኝ። የሚገርመው እኔ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማታ የልጄን ቦርሳ ሳጥብ ከታችኛው ኪስ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። የትምህርት ቤት ጉዞ ነው። ወላጅ ፈርሞ፣ ከፍሎ የሚመልሰው። ቀኑ ካለፈ 2 ሳምንት ሆኖታል። ያኔ 14 ዓመቷ ነበር።

"ለምን አላሳየሽኝም?" አልኳት።

"ገንዘብ ስለሆነ" አለች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደማስረዳት፣ "አስልቼው ነበር እማዬ። 2 ቀን ይቀንስብን ነበር።"

ደብተሩ ክፍት ነበርና አይታዋለች። ስሌቱም ትክክል ነበር። 2 ቀን።

ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ባለቤቴን አስቀምጬ የዓመቱን የወጪ መዝገብ አወጣን። ሁለታችንም ለየብቻ፣ አንዳችን የሌላውን ሳናይ፣ ከእያንዳንዱ ወጪ ጎን ምልክት አደረግን። ነገም ብናደርገው ደስ ይለናል ለምንለው መደመሪያ። ግድ ለሆነው ነጥብ። ላላስታወስነው ዜሮ። ይህን እናንተም አድርጉት፤ እስከ ዛሬ ከሞከርኳቸው ሁሉ ይሄ ነው የበለጠብኝ።

መደመሪያ ያገኙት ርካሾቹ ነበሩ። እናቴን ለማየት የተከፈለ ትራንስፖርት። ከጓደኛ ጋር ያመሸንበት። የልጄ ሥዕል ቀለም። ለተቸገረ ዘመድ የላክነው። ትልልቆቹ ወጪዎች አጠገብ ዜሮው ተደርድሯል፦ ከሚያስፈልገን የሰፋው መኪና፣ ደኅናውን ጥለን የቀየርነው ስልክ፣ በየወሩ የሚቆረጥልንና የማንከፍታቸው የቪዲዮና የስፖርት ቤት ክፍያዎች። እኔ ለአንድ ዓመት ስቆርጥ የኖርኩት መደመሪያዎቹን ነበር። ዜሮዎቹ ውል ስላላቸው፣ መሰረዝ ስለሚያደክም፣ ሳይነኩ ይኖራሉ።

መኪናውን በትንሽ ቀየርነው። ደብተሩ አናት ላይ "የማይነካ" የሚል ርዕስ ጻፍንና 4 መስመር አስገባን። ቤተሰብ መጠየቅ። ወዳጅ ጋር መሰብሰብ። የልጅ ትምህርትና ጉዞ። ለሌላ ሰው የሚሰጥ። የመጨረሻው የራሱ መጠን ስላለው ሰው እርዳታ ሲጠይቀኝ መሸማቀቅ ቀርቶልኛል። ካለ እሰጣለሁ፣ ካለቀ "የዚህ ወር አልቋል" እላለሁ። ቁጠባችን ከ55 ወደ 40 በመቶ ወረደ። ሃርቫርድ ላይ በ1938 የተጀመረና የሰዎችን ሕይወት እስከ እርጅና የተከታተለ ጥናት አለ። እርጅናን ከሚያሳምሩት ዋነኞቹ ውስጥ ጥሩ የሰው ግንኙነት አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። ለ300 ወር ብዬ ጓደኛ ካጣሁ 300ውን ከማን ጋር ልበላው ነው?

ሌላም ተማርኩ። ነጻነትን ቀደም ብሎ መለማመድ ያስፈልጋል። በ40ኛው ወር ላይ ከአዲሱ መሥሪያ ቤቴ ጋር ተነጋግሬ በሳምንት 4 ቀን መሥራት ጀመርኩ፤ ደሞዜም ተቀነሰ። ቁጠባችን ወደ 33 በመቶ ወረደ። አንድ ወር ለመግዛት አንድ ወር ተኩል ይፈጅብን የነበረው 2 ወር ሆነ። የመጀመሪያዎቹን 3 ዓርቦች ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ተኛሁ፣ ቁም ሳጥን አስተካከልኩ፣ ስልክ ላይ ዋልኩ። በአራተኛው አንዲት ልብስ ሰፊ ጎረቤቴ የወጪ ገቢዋ ጠፍቶባት መጣች። ለ2 ሰዓት አብረን ተቀመጥን። ከየትኛው ልብስ እንደምታተርፍ፣ ከየትኛው እንደምትከስር ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አሁን ዓርብ ዓርብ 5 ሰዎች ይመጣሉ። አንዳንዶቹ ይከፍሉኛል፣ አንዳንዶቹ አይከፍሉም። ነጻ ስወጣ ምን እሠራለሁ የሚለው ጥያቄ የተመለሰልኝ እንዲህ ነው። ሥራ አቁሜ ባላየው ኖሮ አስቤ አልደርስበትም ነበር።

ሳይቃጠል በቅጠል

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ ከዓመታት በፊት ባለቤቴ ድንገት ሆዱን አሞት ለቀዶ ሕክምና ገባ። የመድን ቁጥሩን ጠየቁኝ። ስልኩ ውስጥ ነው። ስልኩ ተቆልፏል። ባለቤቴ ማደንዘዣ ተወግቷል። የምን መድኃኒት እንደማይስማማው ጠየቁኝ፤ አንዱን አስታወስኩ፣ ሌላውን ረሳሁ። የስልኩን መክፈቻ የምታውቀው ልጃችን ሆነች። እኛ ለ8 ወር የሚበቃ ገንዘብ ነበረን፤ ዝግጁ ግን አልነበርንም።

እሱ ከዳነ በኋላ አንድ ሰማያዊ ማህደር ገዛን። ውስጡ የመታወቂያና የልደት ወረቀት ቅጂ፣ የመድን ውል፣ የባንክ ሒሳቦች ዝርዝር፣ የዕዳና የንብረት ሰነድ፣ የእያንዳንዳችን የደም ዓይነትና የማይስማማን መድኃኒት፣ ድንገት ቢሆን የሚደወልላቸው ሰዎች አሉ። ኑዛዜያችንም እዚያው ነው። ኑዛዜ ስንጽፍ ባለቤቴ ሟርት መስሎት 2 ሳምንት ተጎተተ። በመጨረሻ የጻፍነው በአንድ ከሰዓት ነው፤ ለሕጋዊነቱ ግን ባለሙያ አሳይተነዋል። የይለፍ ቃላት በታሸገ ፖስታ፣ ለብቻ። ማህደሩ የት እንደተቀመጠ ከቤተሰቡ ውጪ አንድ የታመነ ሰው ያውቃል።

ስለ መድን ያለኝ መመሪያ ይሄ ነው፦ ቢደርስ ከኪሴ የማልችለውን አስገባለሁ፤ ከባድ ሕመም፣ እሳት፣ ቤቱን የሚመግበው ሰው ሞት። የምችለውን አላስገባም። ለስልክና ለቶስተር የሚሸጥ መድን አልገዛም፤ እነሱ ቢበላሹ መተካት የ6 ወሩ ገንዘብ ሥራ ነው።

ለመብራትና ለውሃ መጥፋትም ትንሽ ተዘጋጁ። ለአንድ ሰው በቀን 4 ሊትር ያህል ውሃ፣ ቢያንስ ለ3 ቀን፤ ለእኛ ለሦስታችን 36 ሊትር ማለት ነው። ባትሪ ያለው መብራት፣ የዘወትር መድኃኒት፣ ጥቂት ዝርዝር ገንዘብ። ባንክና ኔትወርክ አብረው ሲጠፉ ካርድ ፕላስቲክ ነው። ያስቀመጥነውን በዓመት 2 ጊዜ እንቀይረዋለን። ከዚህ አልፋችሁ ምድር ቤት እንድትቆፍሩ አልመክራችሁም።

የራሳችሁ ጤናም ያው ሀብት ነው፤ ጥርሳችሁን ተመርመሩ፣ ተንቀሳቀሱ። እጃችሁ ላይ ሌላ የሚሸጥ ሙያ ይኑር። እኔን ከ19 ቀን ያወጣኝ በመጀመሪያ ቁጠባ አይደለም፤ ለ3 ትንንሽ ሱቆች ማታ ማታ መዝገብ መያዜ ነው።

ደብተሩን በወር አንዴ፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ለ40 ደቂቃ እንከፍታለን። ቁጥሩን እንጽፋለን፣ "የማይነካ"ውን እናያለን፣ እንዘጋዋለን። በየቀኑ ማየት ያሳምማል፤ የቋጠርኩባት ዓመት አስተምራኛለች።

ባለፈው እሑድ ልጄ መጣች። 23 ዓመቷ ነው፤ የመጀመሪያ ሥራዋን ከያዘች 4 ወር ሆናት። ደብተሩን ስንከፍት አጠገቤ ተቀመጠችና ከጀርባው አንድ ገጽ ቀደደች። ደመረች፣ ቀነሰች፣ አካፈለች። ዝም አለች።

"ስንት?" አልኳት።

"11። ቀን ነው እንጂ ወር እንዳይመስልሽ።" እርሳሴን ከእጄ ወሰደችና ደገመችው። ያው 11።